እትዬ አምሳለና የዘገየው ልቅሶ

ገነት ኮል ያደረገችልኝ ማክሰኞ ጠዋት፣ መኪናዬን አቁሜ ወደ ሥራ ልገባ ስል ነው። በዚያ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም።

«ሮሚ፣ ሥራ ገብተሻል?»

«ገና ፓርኪንጉ ውስጥ ነኝ።»

«እንግዲያው ከመኪናው አትውረጂ» አለች። «እትዬ ዛሬ አልተነሱም።»

ሌላ ምንም አልጨመረችም፤ እኔም አልጠየቅኋትም። ከዚያ ለሱፐርቫይዘሬ እንደማልገባ ቴክስት አደረግኩና መኪናዬን ወደ እትዬ ቤት፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ አዞርኩ።

እትዬ አምሳለ የገነት አክስት ናቸው። ከእኔ ጋር የሥጋ ዝምድና የላቸውም። ሰማንያን ካለፉ ቆይተዋል፤ አልጋ ላይ ሳይማቅቁ፣ ሰው ሳያስቸግሩ፣ በእንቅልፋቸው ሄዱ። ለቀብሩ የመጣው ሁሉ «እንዲህ ያለ ሞት ለማን ይገኛል» እያለ ሊያጽናናኝ ሞክሯል። እውነታቸውን ነው። ግን እሳቸውን የማያውቅ ሰው ምን እንደጎደለብኝ አይገባውም፤ ስለዚህ የማውቀውን ያህል ልናገር።

መጀመሪያ ያየኋቸው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ በምትባል ከተማ፣ የአንድ ትልቅ ሆቴል ቤዝመንት ውስጥ ነው። አገሩን ገና አልለመድኩትም። የተመደብኩት አንሶላ ማጠፊያው ላይ ነበር። ያን የሚያህል አንሶላ አንድ ሰው ብቻውን አያጥፈውም፤ ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ጫፍና ጫፉን ይዞ ይራራቃል፣ ይቀራረባል፣ እንደገና ይራራቃል። የማጠቢያውና የማድረቂያው ጩኸት ደግሞ የገዛ ድምፅን እንኳ አያሰማም። ከፊቴ የቆሙት ቀጠን፣ ረዘም ያሉ፣ ሽበታቸውን በሻሽ የሸፈኑ ሴት አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ነገር ግን ስንራራቅ ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው «አዲስ ነሽ?» አሉኝ። ስንቀራረብ ዓይናቸውን ወደ ሱፐርቫይዘሯ ወርወር፣ ከንፈራቸውን ወደ ጎን ሸሸት አድርገው «እሷን ተጠንቀቂ» አሉኝ። ለምሳ እስክንወጣ ድረስ የማን ወገብ እንደሚያመው፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን ስልክ እያየ ከሥራ እንደሚያመልጥ ሁሉንም ነግረውኝ ጨረሱ። በድምፅ ያናገሩኝ ብሬክ ሩም ከገባን በኋላ ነው።

«የማን ልጅ ነሽ?» ነበር ያሉት።

ብሬክ ሩሙ ውስጥ ያለውን ቴሌቪዥን ድምፁን ያጠፉት ነበር። መጀመሪያ ሰዉ ተቃወማቸው፤ በኋላ ግን ለመደው፤ እንዲያውም የኤል ሳልቫዶር ሴቶች «አማ፣ ይሄስ?» እያሉ ይጠይቋቸው ጀመር። ዜና ላይ የሚናገረውን ባለሥልጣን በዝምታ ያዩትና «ይሄ ፈርቷል» ይላሉ፤ ሌላውን «ይሄ ሚስቱ ትታው ሄዳለች» ይላሉ። ልክ ይሁኑ አይሁኑ ማን ያውቃል፣ ሁላችንም ግን እናምናቸው ነበር። «አፍ የተማረውን ነው የሚናገረው» ይሉኝ ነበር። «ፊት ግን ትምህርት ቤት አልገባም።»

ዳዊት የሚባል ሰው ሊያገባኝ ፈልጎ እኔ ሳመነታ፣ «አንድ ቀን ራት ጋብዢውና እኔ ከሩቅ ልየው» አሉኝ። አዳምስ ሞርጋን የሚባል ሰፈር ያለ ምግብ ቤት ቀጠርኩት። እትዬ አምሳለ ከገነት ጋር ወደ በሩ አካባቢ ተቀመጡ። ሙዚቃው ከፍ ብሎ ነበር፤ እኛ የምንለውን አንዲት ቃል ሊሰሙ አይችሉም። ሲጨርሱ ገንዘባቸውን ከፍለው፣ ዞር ብለው ሳያዩኝ ወጡ። በማግስቱ አንሶላውን ሳናነሳ ጠየቅኋቸው።

«አንቺ ስትናገሪ ጉርሻው እጁ ላይ ይቆማል» አሉ። «እሱ ራሱ ሲናገር ግን ይበላል። ወሬሽን ከእህል አስበልጧል። አግቢው።»

አገባሁት። ዛሬም ሳወራ መጉረሱን ያቆማል።

ከሥራ የምንመለሰው በእኔ መኪና ነበር፤ እሳቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ይወርዳሉ፣ እኔ ወደ አስፐን ሂል አልፋለሁ። ድልድዩን ተሻግረን ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ላይ ትራፊክ ሲይዘን ወሬያችን ይደራል። አንድ ቀን አገር ቤት ምን ይሠሩ እንደነበር ጠየቅኋቸው።

«ፊልም» አሉኝ።

«ሲኒማ ቤት?»

«የለም፣ ፊልም። ተዋናይ ነበርኩ።»

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

በጃንሆይ ዘመን በአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበሩ። በዚያው ግቢ ለገጠሩ ሕዝብ ጤና የሚያስተምር ፊልም የሚያነሳ ክፍል ነበር፤ ካሜራውን የያዘው ሚስተር ዶን የሚባል አሜሪካዊ ነው። እትዬ አምሳለ ከማዶ ሕንፃ ካለች ጓደኛቸው ጋር ሥራ ሲሰለቻቸው በመስኮት በምልክት ያወሩ ነበር፤ አለቃው እንዳይሰማ ነው። ሚስተር ዶን ይህን ከግቢው ቆሞ አየ። በሳምንቱ ከታይፕ መኪናቸው አስነስቶ ካሜራ ፊት አቆማቸው።

«ፊልሞቹ ድምፅ አልነበራቸውም» አሉኝ። «አገሩ ብዙ ቋንቋ ነው፤ ባንዱ ብንናገር ሌላው አይሰማም። ስለዚህ እኛ በፊታችን እንሠራለን። መኪናው ጀነሬተሩን ጭኖ በየከተማው ይዞራል፣ ገበያው መሐል ነጭ ጨርቅ ይሰቀላል፣ የአገሩን ቋንቋ የሚችል ሰው ማይክራፎን ይዞ ከጨርቁ አጠገብ ይቆምና በእኔ ፈንታ ይናገራል። ሐረርጌ አንድ ነገር እላለሁ፣ ጎጃም ሌላ ነገር እላለሁ። ምን እንደተናገርኩ እኔ ራሴ አላውቅም።»

በወባ ሲንዘፈዘፉ፣ ዓይናቸው ታሞ በልጅ ሲመሩ፣ በምጥ ሲሞቱ ያላየ የገጠር ከተማ ጥቂት ነው። ጎጃም ውስጥ ፊልሙ በታየ ማግስት ሽንኩርት ሊገዙ ገበያ ወጡ። ሻጪቱ ቀና ብላ አየቻቸውና «አንቺ ትናንት ሞተሽ አልነበረም?» አለቻቸው። መልስ ሳይሰጧት ሽንኩርቷን ጥላ ተነስታ ሄደች። «ከዚያ ወዲያ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ድረስ ተከናንቤ ነው የምወጣው» አሉኝ፤ መኪናው ውስጥ ሻሻቸውን ወደ ዓይናቸው ስበው ገበያተኛዋንም ራሳቸውንም ሠርተው አሳዩኝ። እየሳቅሁ መንዳት አቃተኝ።

«ልጅ አልወለዱም እትዬ?» ያልኳቸው በዚያው ሳቅ መሐል ነው።

ወደ መስኮቱ ዞሩ። ፊታቸው ዝም አለ። ከዚያ በፊት ዝም ብሎ አይቼው አላውቅም ነበር። ጥያቄውን ደግሜ አላነሳሁትም።

ከዓመታት በኋላ ነው የሆነው። እሳቸው ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ ግን አርብ አርብ ከቤታቸው አውጥቼ አሌክሳንድሪያ እወስዳቸው ነበር፤ የድሮ ባልደረቦቻቸውን ሰላም ይላሉ፣ ወንዙ ዳር ትንሽ ይሄዳሉ። አንድ አርብ በርበሬ ልንገዛ አዲስ የተከፈተ የሐበሻ ግሮሰሪ ገባን። ባለቤቱ ስልሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው፣ ኮፍያ ያደረገ የወሎ ሰው ነው፤ ጋሽ ሰይድ ይባላል። በርበሬውን እየመዘነ እትዬ አምሳለን ያያል፤ ይመልሳል፣ እንደገና ያያል። በመጨረሻ ሚዛኑን ተወው።

«እናቴ፣ አይቀየሙኝና» አለ። «እርስዎ ያች ልጇ የሞተባት ሴት አይደሉም?»

እኔ ደንግጬ ወደ እሳቸው ዞርኩ። እትዬ አምሳለ ሰውየውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱትና «ነኝ» አሉት።

ጋሽ ሰይድ ከባንኮኒው ወጥቶ መጣ። «ወላሂ ነዎት። ልጅ ነበርኩ፤ ከደሴ ወዲያ ባለችው ከተማችን ያ መኪና መጣ። ከብት ከሚጠጣበት ወንዝ ውሃ ቀድተው ሕፃኗን አጠጧት፣ ታመመች፣ እጅዎ ላይ ሞተች። እናቴ እዚያው ገበያው መሐል እዬዬ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ውሃ ሳታፈላ ሰጥታን አታውቅም። ጎረቤቱ ‹እነ ሰይድ ቤት ውሃ ይቀቅላሉ› እያለ ይስቅብን ነበር። ከእኔ በፊት ሁለት ልጆች ቀብራለች። ከዚያ ወዲህ ግን የቀበረችው የለም።»

እሱ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«ፊልም መሆኑን አሁን አውቃለሁ» አለ። «ግን ያኔ ልጅ ሆኜ ልቅሶ አልደረስኩም፤ ዛሬ ሳልል ባልፍ ይከብደኛል። አላህ ያጥናዎት።»

በሁለት እጃቸው እጁን ያዙት። «አሜን» አሉ፤ ድምፃቸው ግን አልወጣም፣ ከንፈራቸው ነው ያለው። በርበሬውን ሳንይዝ ወጣን።

መኪናው ውስጥ ሞተሩን ላስነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

«ፊልሙ ላይ ያለችው ሕፃን የራሴ ናት» አሉኝ። «ትርሲት ትባላለች።»

ለዚያ ፊልም ሕፃን ሲፈለግ አንዲትም እናት ፈቃደኛ አልሆነችም። ሕፃንን ሬሳ አስመስሎ ማስተኛት ሟርት ነው። ሚስተር ዶን ሥራው ሊቀርበት ሆነ። «ሌላ ሰው ልጁን ለሞት አላበድርም ሲል እኔ አበደርኩ» አሉ። ትርሲት ያኔ ገና መቀመጥ የጀመረች ሕፃን ነበረች። ፊልሙ ተሠራ፣ ልጅቱ አደገች፣ ቆመች፣ ሄደች፣ አፏን ፈታች። ሦስት ዓመት ሊሞላት ሲል እናቷ ለሌላ ፊልም ወደ ደቡብ ወርደው ሳሉ በኩፍኝ ታመመች። መንገዱ በዝናብ ተቆርጦ ነበር። እትዬ አምሳለ ሲመለሱ ልጃቸው ተቀብራ፣ ጎረቤቱ ተበትኖ፣ ቤቱ ተጠርጎ ደረሱ።

«‹ልቅሶው አልፏል› አሉኝ። ‹ለሕፃን ድንኳን አይጣልም፤ ሌላ ትወልጃለሽ› አሉኝ። ቁጭ ብዬ ላልቅስ ስል ባሌ በሩ ላይ ቆሞ ‹ለካሜራ ያለቀስሽላት ይበቃታል› አለኝ።» ወደ ተዘጋው መስኮት ፊታቸውን መለሱ። «እንባዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደቆመ ነው። በኋላም ፊልም ስሠራ ‹እዚህ ላይ አልቅሺ› ሲሉኝ እምቢ እል ነበር።»

ሌላ ልጅ አልወለዱም። ባላቸው ሲለያቸው ልጅቱ ያለችበትን ብቸኛ ፎቶ ይዞ ሄደ።

«ከሁሉ የሚብሰው ምን መሰለሽ ሮማን፣ ፊቷ እየጠፋብኝ ነው። በመንገድ አንዴ ያየሁትን ሰው ፊት አልረሳም። የእሷን ላስበው ስል ግን ሌላ ሕፃን ይመጣብኛል።»

ፊልሞቹስ የት ደረሱ ብዬ ጠየቅኋቸው። መንግሥት ሲለወጥ ክፍሉ ተዘጋ፤ ተቃጠሉ የሚል አለ፣ ተጣሉ የሚል አለ። ሚስተር ዶን ግን ወደ አገሩ ሲመለስ ጥቂቱን ይዞ እንደሄደ ሰምተዋል፤ ቤቱም ቨርጂኒያ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት እዚያው ቨርጂኒያ ሲሠሩ ኖረው አንድም ቀን አልፈለጉትም።

«ለምን እትዬ?»

«ባጣውስ? ሳልፈልገው ብቀር ምናልባት አለ እላለሁ።»

እንድፈልገው ለምኜ አስፈቀድኳቸው። የሚስተር ዶንን የአባት ስም አልረሱትም ነበር። በፌስቡክ በዚያ ስም ላገኘሁት ሁሉ መልእክት ላክሁ፤ ብዙው አልመለሰልኝም፣ አንዳንዱ ተሳስተሻል አለኝ። ክረምቱ አልፎ ዛፉ ቅጠል ሲያወጣ ግን ሱዛን የምትባል ሴት ደወለችልኝ። አባቷ ኢትዮጵያ ውስጥ ፊልም ያነሳ ነበር። ከሞተ ቆይቷል፤ ቤዝመንት ውስጥ የነበሩትን ፊልሞች ግን እሷ ወደ ዲቪዲ አስገልብጣቸዋለች። የእትዬን መልክ ነገርኳት።

«ያቺን ሴትዮ ቤታችን ውስጥ ሁላችንም እናውቃታለን» አለችኝ በእንግሊዝኛ። «ያደግነው እሷን እያየን ነው። ስሟን ብቻ አናውቅም ነበር። በሕይወት አለች?»

ለእትዬ አምሳለ ስነግራቸው ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡ። በኋላ «ያ የአሌክሳንድሪያው ሰው ስልክ አለሽ?» አሉኝ። «እሱም ይምጣ። ለልጄ በተለቀሰበት ቤት ያደገ ሰው፣ የማውቀው እሱን ብቻ ነው።»

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ፎልስ ቸርች ከተማ፣ ሱዛን ቤት ተሰበሰብን። ጋሽ ሰይድ ሱፍ ለብሶ፣ ቴምር ይዞ መጣ። እትዬ አምሳለ ነጭ ለብሰው ነበር። ሱዛን በሩን ከፍታ ስታያቸው እጇን አፏ ላይ አደረገች፤ ከዚያ ምንም ሳትል አቀፈቻቸው። ሶፋው ላይ ተቀመጥን። ቴሌቪዥኑ ተከፈተ።

ሥዕሉ ጥቁርና ነጭ ነው፤ አልፎ አልፎ ይጭራል። አንዲት ለጋ ሴት ሕፃን አዝላ፣ እንስራ ይዛ ወደ ወንዝ ትወርዳለች። እትዬ አምሳለ ናቸው። ከወንዙ ማዶ ከብቶች ቆመዋል። ፊልሙ ድምፅ የለውም። ጋሽ ሰይድ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ መናገር ጀመረ፤ ሳያስበው ይመስለኛል።

«‹ተመልከቱ ወገኖቼ፣ ከብቱ ያደፈረሰውን ውሃ ለልጇ ትቀዳለች። ወዮ እናት።› እንዲህ ነበር የሚለው ማይክራፎን የያዘው ሰውዬ። ቃሉ ከእኔ አልጠፋም።»

ሕፃኗ ታመመች። ከዚያ እናቲቱ ጎጆ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሕፃኗን ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ በነጠላ ሸፍና ታየች። ካሜራው ወደ ፊቷ ቀረበ። እንዲህ ያለ ሐዘን በሰው ፊት ላይ አይቼ አላውቅም። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

«እዚህ ላይ ‹ልጄን በገዛ እጄ ገደልኳት› አሉ» አለ ጋሽ ሰይድ።

«አላልኩም» አሉ እትዬ አምሳለ።

ሁላችንም ወደ እሳቸው ዞርን።

«ታዲያ ምን ነበር ያሉት?» አላቸው ቀስ ብሎ።

ሱዛን ወደ ኋላ መለሰችው። እናቲቱ እንደገና ቀረበች። እትዬ አምሳለ ወደ ፊት ጎንበስ ብለው፣ ከዚያች ለጋ ሴት ከንፈር ጋር እኩል፣ ቃል በቃል መናገር ጀመሩ።

«ትርሲትዬ፣ አይዞሽ እናቴ። ጨረስን። ይሄ ሰውዬ አሁን ያበቃል። ትንሽ እንዲህ ሆነሽ ቆዪልኝ። ቤት እንሄዳለን፣ ገላሽን አጥብሻለሁ፣ ጡት እሰጥሻለሁ። አይዞሽ፣ አሁን እንሄዳለን።»

ነጠላው ስር አንዲት ትንሽ እግር ብቅ አለች፤ ጣቶቿን ዘርጋ ሰብሰብ አድርጋ ተመልሳ ገባች።

«አየኋት» አለ ጋሽ ሰይድ። ጉንጩ ረጥቧል። «ያኔም አይቻታለሁ። ‹እማ፣ ሕፃኗ አልሞተችም፣ እግሯን አንቀሳቀሰች› ስላት ‹ዝም በል› ብላ ቆነጠጠችኝ።»

ለሱዛን ተረጎምኩላት። ትንሽ ቆይታ ሥዕሉን ወደ ኋላ መለሰችው፤ ከዚያም ሕፃኗ ከመታመሟ በፊት በእናቷ ጀርባ ላይ ሆና ወደ ካሜራው ዞር ያለችበት ቦታ ላይ አቆመችው። ክብ ፊት፣ ሰፋ ያለ ግንባር፣ ግራ የተጋቡ ትልልቅ ዓይኖች። እትዬ አምሳለ ተነስተው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄዱ፤ ጣታቸውን ወደ መስታወቱ አስጠግተው ሳይነኩት ቆሙ።

«ሌላ ልጅ ነበር የማስበው» አሉ። «ይህች ናት።»

ተመልሰን ቤታቸው በር ላይ ስንደርስ የመኪናውን ቀበቶ ሳይፈቱ፣ «ልቅሶ እቀመጣለሁ» አሉኝ።

ገነት ስትሰማ ተቸገረች። «እትዬ፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈውን ነገር? ሰው ‹ማን ሞተባችሁ› ሲለኝ ምን እመልሳለሁ?»

«‹የአክስቴ ልጅ› በይ» አሏት። «ዘመድሽ እኮ ናት።»

ገነት ከትርሲት በኋላ ነው የተወለደችው፤ ስሟን እንኳ በደንብ ሰምታው አታውቅም። ቆማ አየቻቸው። ከዚያ ጫማዋን አወለቀችና ሶፋውን ወደ ግድግዳ መግፋት ጀመረች። እኔ ፍራሽ አወረድኩ። ሱዛን ያተመችውን ፎቶ ትንሿ ጠረጴዛ ላይ አቆምነው። እትዬ አምሳለ ጥቁር ለብሰው ፍራሹ ላይ ተቀመጡ።

በመጀመሪያው ቀን ከእኛ በቀር ሰው አልነበረም። ገነት ስልክ ትደውላለች፤ «ልቅሶ አለብን» ትላለች፤ «መቼ ነው የሞተችው?» ሲሏት ትንሽ ታመነታና «ቆይቷል» ትላለች። ሰዉ ግራ ይጋባል። እትዬ አምሳለ ሁሉንም ይሰማሉ።

በሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ሰይድ ነው፤ ሚስቱን፣ ሁለት ሴት ልጆቹንና የአገሩን ሰዎች ይዞ ከአሌክሳንድሪያ መጥቷል። ውሃና ለስላሳ በካርቶን ተሸክመዋል። ፍራሹ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠና ለመጡት ሁሉ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ።

«የዚህች ሕፃን ሞት ነው እኛን ያሳደገን። እነዚህ ልጆቼ እዚህ የተገኙት እናቴ ለእሷ አልቅሳ ነው። በአገራችን ለሷ ያለቀሰው ሕዝብ ቢቆጠር ይህ ሕንፃ አይበቃውም። እትዬ፣ ‹ሳይለቀስላት ተቀበረች› ብለው እንዳያዝኑ። በየገበያው ተለቅሶላታል። አብሽሩ።»

እትዬ አምሳለ ቀና ብለው አዩት። እጃቸውን አንስተው ፊታቸውን ሊሸፍኑ አሰቡ፤ ተዉት። ከዚያ ከሆዳቸው የወጣ፣ ለጆሮዬ አዲስ የሆነ ድምፅ ሰማሁ። ጮክ ብለው፣ እንደ አገራቸው ወግ፣ ስሟን እየጠሩ አለቀሱ። ገነት አለቀሰች። ትርሲትን በስም እንኳ የማታውቃት የጋሽ ሰይድ ትንሿ ልጅ አለቀሰች። የትልቅ ሰው ልቅሶ ሆነ።

ወሬው በዚያው ቀን ተሰማ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የሆቴሉ ሴቶች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ፣ ከሺፍት በፊት መጡ። የንስሐ አባታቸው መጡ። ከአስፐን ሂል፣ ከፎልስ ቸርች የማናውቀው ሰው ሳይቀር መጣ፤ ሱዛንም ከበሩ ጫማ አውልቃ ገብታ፣ እግሯን ማጠፍ እያስቸገራት፣ መሬት ላይ ተቀመጠች። አንዲት አሮጊት ገብተው «ዕድሜዋ ስንት ነበር?» ብለው ጠየቁ። «ሦስት ሊሞላት ነበር» አሉ እትዬ አምሳለ። አሮጊቷ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው አጠገባቸው ተቀመጡ።

ሰዉ ሲበተን ፍራሹን አነሳን። እትዬ አምሳለ ፊታቸውን ታጥበው ወጥ ቤት መጡ፤ እኔ ብርጭቆ አጥባለሁ። ጨርቅ አንስተው ያጠብኩትን ያደርቁልኝ ጀመር። ዓይናቸው አብጧል፣ ፊታቸው ግን ከዚያ በፊት የማላውቀው ዕረፍት ነበረው።

«እስከ ዛሬ ትርሲት ጠፍታብኝ ነበር» አሉ። «አሁን ሞተች። የሞተ ይሻላል ሮማን። የት እንዳለ ይታወቃል።»

ከዚያ በኋላ ጥቂት ጥሩ ዓመታት ኖሩ። ስለ ልጃቸው ያወሩኝ ነበር፤ አፏን ስትፈታ ምን እንዳለች፣ ጠጠር ትበላ እንደነበር፣ ዶሮ ስታይ እንዴት እንደምትሮጥ። ሲያወሩ ይስቁ ነበር።

እሳቸውን ከቀበርን ሁለት ወር ሊሆን ነው። የት እንዳሉ አውቃለሁ፤ አፈሩን ከሰዎቹ ጋር በእጄ አልብሻለሁ። «የሞተ ይሻላል» ያሉት ግን ለእኔ ገና አልሠራልኝም። ትናንት ምሳ ሰዓት ላይ አንዷ ባልደረባዬ አንድ ነገር ነግራኝ ከልቤ ሳቅሁና፣ ይህንን ለእትዬ ብዬ ስልኬን አንስቼ ደወልኩ። ያስታወስኩት መጥራት ከጀመረ በኋላ ነው። ገነት የእትዬን መስመር ገና አላዘጋችውም። ልዘጋው አሰብኩ፤ እጄ እምቢ አለ። ብሬክ ሩሙ ውስጥ ቆሜ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ እስኪያበቃ ድረስ ሲጠራ ሰማሁት።